የአርታ ዝናብ

እንቁ የዱቄቱን ከረጢት ጣሪያ ላይ ጥላ ስትወርድ ሐጂ ከማሉዲን ሶላታቸውን ጨርሰዋል። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው የሚሰግዱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው።

"ሻይ አልቀዳሽልኝም" ይሏታል።

ትቀዳላቸዋለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ሠራተኛቸው እንቁ ብቻ ናቸው። ፍራሹም፣ ጋዙም፣ ዱቄቱም ወጥቷል፤ የቀሩት እሳቸው ናቸው። ከሁሉም የሚከብዱትም እሳቸው ናቸው።

ከግማሽ ሰዓት በፊት ልጃቸው ጅብሪል ከተራራማዋ አርታ ደውሎ "ተራራው ላይ ዝናቡ ወርዷል፣ አባቴን ጣሪያ ላይ አውጪልኝ" ብሏታል። ጅቡቲ ከተማ ላይ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ከግቢው ጀርባ ያለው የአምቡሊ ወንዝ እንደ ወትሮው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፍየሎች ካርቶን ያኝኩበታል።

"የአርታ ዝናብ እዚህ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል" ይላሉ ሐጂ። "አባቴ የነገሩኝ ነው። እኔም በዚህ ሰዓቴ ስንቴ ለክቼዋለሁ። አቦ ተረጋጊ።"

"ያኔ ተራራው ላይ ውሃውን የሚያዘገይ ዛፍ ነበር፣ ሐጂ። ለከሰል ጨረሱት።"

"ማን ነገረሽ?"

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

አሸዋውንም በመኪና እየጫኑ ወስደውታል። ዳርና ዳሩ ቤት ሆኗል። ሐጂ ራሳቸው ንግድ በቀናቸው ዓመት ግቢያቸውን አሥር እርምጃ ወደ ወንዙ ገፍተው ግንብ አሠርተውበታል። እሱን አታነሳባቸውም።

"ዘንድሮ ሦስቴ አውጥተሽኛል" ይላሉ። "ሦስቴም ያየነው አቧራ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ሦስቴ አዝላ አውጥታ ሦስቴ አዝላ አውርዳለች፤ የመረራት ማውረዱ ነበር። ብቻዋን ብትወጣ የሚያያት የለም። ሰልችቷታል፤ ወንዙም፣ ደረጃውም፣ እሳቸውም።

ግን ያደገችው ድሬዳዋ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። ውሃው ታናሽ እህቷን የወሰደባት ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ጀርባዋን ሰጥታቸው ቁጢጥ ትላለች። "ይያዙኝ።"

"ሻዩ ይብረድልኛ።"

"ይዘውት ይውጡ።"

በአንድ እጃቸው አንገቷን፣ በሌላው ብርጭቋቸውን ይይዛሉ። ደረጃው አሥራ አራት ነው። በየደረጃው ትኩስ ሻይ ትከሻዋ ላይ ጠብ ይላል። ዘጠነኛው ላይ እግሯ እምቢ ይላታል።

"ልጄ፣ እዚህ አስቀምጪኝና ውጪ" ይላሉ ሐጂ፣ ያለ ንጭንጭ።

እግሯን ታነሳለች።

ፍራሹ ላይ ስታስቀምጣቸው እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ይመጣል። ፍየሎቹ ይፈረጥጣሉ። ቡናማ ውሃ በርና ጎማ እየገፋ ደርሶ ግንቡ ላይ ይወድቅበታል፤ ግንቡ ሁለቴ ተወዛውዞ ይተኛል። ታች የሐጂ ወንበር ተንሳፍፎ ግቢውን ይዞራል።

ሐጂ ሰዓታቸውን ያያሉ። ደግመው ያያሉ። ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው ይወስዱና ከንፈራቸውን ቶሎ ያነሳሉ።

ሻዩ ገና ያቃጥላል።