የመጀመሪያዋ ፎቶ

አቶ ታምሩ ካሜራዬን ይዘው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ያያሉ። ሃያ ሦስት ናቸው። ሃያ ሁለቱ የእሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የእሳቸው አይደለችም። እሷ ጋ ከደረሱ አለቀልኝ። ፅዮናዊትም አለቀላት።

ሳያዩ ፎቶ ከግቢያቸው አይወጣም። ዓምና ጋዜጣችን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አወጣቸውና አለቃዬን ሳምንት ሙሉ አላስተኙትም። ይህን እያወቅኩ የካሜራውን ካርድ አልቀየርኩም። ሃያ ዓመት ሠርቼ ምን እንደነካኝ እንጃ።

ሳሎኑ በኤሲ በርዷል፣ እኔን ያልበኛል። አሥራ ስምንተኛዋ ላይ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የውብዳር ጋር፣ ከአያታቸው ፎቶ ሥር። አያትየው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ቆባቸውን እንዳደረጉ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ጋዜጣው የላከኝ ለዚሁ ነው፤ ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ መጥቶ ሀብታም ስለሆነ ቤተሰብ፣ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ጣሪያ ስላሠራ ሰው።

ጠዋት ስመጣ ባልና ሚስቱ ገና እየለበሱ ነበርና ማድ ቤት ቆዪ አሉኝ። ፅዮናዊት የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። ወንበር ሰጠችኝ፣ በሩን ገፋ አደረገችና የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ካውያ ነው። ጫፉ ሳይቀር ቅርጹ ክንዷ ላይ ታትሟል። ሸሚዝ አቃጠልሽ ብለው ወይዘሮ የውብዳር ናቸው ያቃጠሉኝ አለችኝ። ፓስፖርቷ በአቶ ታምሩ ካዝና ውስጥ ነው። ሙኒራ የምትባል ጠበቃ አውቃለሁ አልኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ትይዛለች፣ ግን ማስረጃ ትጠይቃለች።

"ሳይድን አንሺልኝ" አለችኝ። "ከዳነ ዋሸች ነው የሚሉኝ።"

አነሳሁት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኮቴ ስለሰማሁ።

አሥራ አንደኛዋ ላይ ደርሰዋል።

እኔ ፈሪ አይደለሁም። የአምቡሊ ወንዝ ሲጎርፍ ውሃ እስከ ወገቤ ገብቼ አንስቻለሁ። ከከተማ መውጫው ፔካ 12 ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ፣ ነዳጁ እግሬ ሥር እየፈሰሰ አንስቻለሁ። ሌላው ቀኔ ሪባን ሲቆረጥ፣ መርከብ ሲገባ፣ ኳስ ሲያልቅ ነው፤ ሪባን ደግሞ ማንንም አያስፈራም። አሁን ለስላሳ ሶፋ ላይ ተቀምጬ የአቶ ታምሩን አውራ ጣት እፈራለሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ካሜራ ያስተማረኝ ካርቲየ 4 ሰፈር ፎቶ ቤት የነበረው ሩፋኤል ነው፣ እሱንም ወለል ልጠርግ ገብቼ። ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው። ከኤሲ ቤት ስትወጪ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልዪው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፤ የጅቡቲ ሙቀት የቀዘቀዘ መስታወት ካገኘ ጉም ያለብሰዋል፣ ምንም አታይም። ሁልጊዜ ጠብቄአለሁ። ሚኒስትር ቆሞ እየጠበቀኝ እንኳ ጠብቄአለሁ።

ሰባት።

"አቶ ታምሩ" እላለሁ፣ "እዚህ አምፖሉ ያንጸባርቅበታል። በረንዳው ላይ ቢያዩት ፊትዎ ጥርት ብሎ ይታያል።"

ፊትዎ ስላቸው ይነሳሉ። ወይዘሮ የውብዳር እንደ ባላቸው መነጽር አያስፈልጋቸውም፣ ዓይናቸው ጤነኛ ነው፤ ደግነቱ ሙቀት አይወዱም፣ ከሶፋቸው አልተነቃነቁም።

በሩን እከፍትላቸዋለሁ። ነሐሴ ነው። ገና እግራቸው ደፉን ሲሻገር መነጽራቸው ነጭ ይሆናል። ያወልቁታል፣ በሸሚዛቸው ይጠርጉታል፣ መልሶ ነጭ ይሆናል። ትተውት ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉትና ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ። እሱም ጉም ለብሷል። በአውራ ጣታቸው ያብሱታል፣ ይገፋሉ። አራት። ሦስት። ሁለት።

የመጀመሪያዋ ላይ ይቆማሉ።

"ይቺ ምንድን ናት? ስጋ ነው?"

ፅዮናዊት የካሜራ ቦርሳዬን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ተቆልፏል።

"አዎ" እላለሁ። "ስጋ ነው።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ፍልሰታ ነው። በዚህ ቤት በፍልሰታ እንኳን ስጋ ወተትም አይገባ።

አቶ ታምሩ ቀስ ብለው ወደ ልጅቷ ይዞራሉ። "በጾም ማድ ቤቴ ስጋ ያስገባው ማነው?"

እጇ ወደ ክንዷ ሲሄድ አያለሁ። ያቺን እጅ እሳቸውም ቢያዩ ኖሮ።

"ከዚህ አይደለም" እላለሁ፤ ድምፄ የሌላ ሴት ድምፅ ይመስለኛል። "ትናንት ገበያ ከናዒማ ሉካንዳ ያነሳሁት ነው። የእስላም ሉካንዳ ነው፣ እነሱ አይጾሙ። ጋዜጣው ነው የላከኝ።"

ፊቴን ያያሉ። ያለ መነጽር ምን ያህል እንደሚታያቸው አላውቅም። መስኮቱ ላይ ያለውን የኤሲ ጠብታ እቆጥራለሁ።

"እናንተ ሰዎች" ይላሉ በመጨረሻ፣ "በሱባዔ እንኳ የሰው ዓይን አታሳርፉም።" ያማትባሉ። ካሜራውን የረከሰ ዕቃ ይመስል በሁለት ጣት ይመልሱልኛል። "ይቺን ከኔ አጠገብ እንዳታወጧት፣ ውብነሽ።"

"ያቺ ለእርስዎ ገጽ አይደለችም" እላለሁ።

ፅዮናዊት ቦርሳዬን ይዛ እስከ ውጭው በር ትሸኘኛለች። መቀርቀሪያውን ታነሳለች።

"እትዬ ውብነሽ" ትላለች ወደ መሬት እያየች፣ "ወጥቷል?"

እኔም አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳሁት፣ ያውም በጥድፊያ። ጀርባዬን ለበረንዳው ሰጥቼ ካሜራውን በመካከላችን እይዘዋለሁ። ከቤት ውስጥ ወይዘሮ የውብዳር ፅዮናዊትን ይጠራሉ፤ አንዴ፣ ደግመው። አትሄድም።

ጉሙ ከዳር ከዳር ይለቃል። መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ቀጥሎ አንጓዋ፣ ቀጥሎ የካውያው ጫፍ።