ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት

ሱራቻይ እናቱን ትልቅ ሆቴል የጋበዘው ሊያባብላቸው ነው። ሁለት ቀን እንደ ንግሥት አንቀባሮ ይይዛቸዋል፤ ከዚያ ቤታቸውን እንዲሸጡ ይጠይቃቸዋል።

ቤቱ ከቻው ፕራያ ወንዝ ማዶ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ የቋመጠ ሰው ለሱራቻይና ለሚስቱ ለኦራዋን ወንዝ የሚያይ አፓርታማ ቃል ገብቶላቸዋል። የጎደለው የእናትየው ፊርማ ነው፤ ሰኞ ይጠበቃል። እናትየው ኖንታቡሪ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ይሄዳሉ። እዚያ ነርስ አለ፣ ቴሌቪዥንም አለ።

«ሁዋ ሂን እንሂድና ባሕር ላሳይሽ» ብሏቸው ነበር በስልክ።

«ባሕር ምን ያደርግልኛል? ባንኮክን አሳየኝ። ወንዙ ዳር ካለው ከትልቁ ሆቴል እንረፍ» አሉ እማማ ማሊዋን።

ዕድሜ ልካቸውን ከማዶ ሆነው ሲያዩት የኖሩት ሆቴል ነው። የአሮጊት ምኞት አያልቅም ብሎ ሳቀ። ከቤት ልውሰድሽ ቢላቸው ግን እምቢ አሉ። «በዚህ የመኪና መዓት? እዚያው እንገናኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ተቀምጠው ማራገቢያቸውን ያርገበግባሉ። እግራቸው ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አለ።

«እማዬ! እዚህ በነጠላ ጫማ?»

«ምን ሆነ? ወለሉ እንደሆነ አልተቆጣኝ። የእኔን ቁልፍ ይዣለሁ፤ የአንተን ተቀበልና ና፣ ርቦኛል።»

ገበታው ላይ አስተናጋጁ ሳይታዘዝ የሩዝ ገንፎ አመጣላቸው፤ ዝንጅብል የበዛበት፣ የድንብላል ቅጠል ያልነካው። ሱራቻይ አፉን ከፈተ።

«አየሽ? ውድ ሆቴል ማለት ይሄ ነው። ሰው ሳይናገር ያውቁለታል።»

«ልጅ እንኳ እንዲህ አያውቅም» አሉ፣ ገንፎውን እያማሰሉ።

በሆቴሉ ጀልባ ወረዱ። ነጂው ጥላ ወዳለበት ጥግ ትራስ አኖረላቸው። ሱራቻይ አሁንም ተደነቀ። አበባ ተራ ደርሰው እማማ ማሊዋን የጃዝሚን ጉንጉን ገዙ፤ ከዚያ አንድ ቤተ መቅደስ አጠገብ ካለ ዋርካ ሥር ካልቆምን አሉ።

ዋርካው ሥር ትናንሽ የአድባር ቤቶች ተኮልኩለዋል። ሰው ግቢውን ለቆ ሲሄድ የግቢውን አድባር ማደሪያ ሜዳ ላይ አይጥልም፤ እዚህ አምጥቶ ያስቀምጠዋል። እማማ ማሊዋን ጣራዋ ጥጉ ላይ ከተሸረፈች አንዲት ቤት ፊት ጎንበስ ብለው ጉንጉኑን አንጠለጠሉ፤ ቀይ ለስላሳ አኖሩ፤ ስትሮውን ወደ በሯ አዞሩላት።

«የማን ናት?»

«ባለቤቶቿ የሄዱባት ናት።»

ያቺን የተሸረፈች ጣራ የሆነ ቦታ ያያት መሰለው። እነዚህ ቤቶች ግን ሁሉም ይመሳሰላሉ። ፎቶ አነሳቸውና ስልኩ እጁ ላይ እያለ ጠራ። ኦራዋን ነበረች።

«ገዢውን ሰውዬ ቤቱን ላሳየው ይዤው መጥቼ በር ላይ ተገትሬያለሁ። ቁልፉ እምቢ አለ!»

ሱራቻይ ፈቀቅ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝገት ነው። ዘይት ጠብ አድርጊበት።»

«የምን ዝገት? አዲስ ጓጉንቸር ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል!»

ላብ አጠመቀው። አሮጊቷ ነቅታለች። ጓጉንቸር ቀይራ ቤቷን ልትጠብቅ ቆርጣለች።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ማሊዋን።

«ኦራዋን ናት። ሰላም በልልኝ አለች።»

«እግዜር ይስጣት። ከሚያዝያው የሶንግክራን በዓል ወዲህ ዓይኗን አላየሁትም። ያንተንም እኮ ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ሥራ ነው እማዬ፣ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ። ከማዶ፣ ከሁለት ፎቆች መሃል፣ የእንጨቱ ቤት ጣራ ይታያል። እማማ ማሊዋን አሻግረው አዩት። አንድ ቀን እንኳ መለየት አቅቷታል ብሎ አሰበ። ካሁን ወዲያ ቢያዘገየው ይብስበታል።

«እማዬ፣ ያ ቤት ለብቻሽ አልከበደሽም? ደረጃው፣ ጎርፉ...»

«ከብዶኝ ነበር።»

ያልጠበቀው መልስ ነው። ወንበሩን አስጠጋ። «ሰው የሚንከባከብሽ ቦታ ብትኖሪስ?»

«አልጋዬን የሚያነጥፍልኝ፣ ገንፎዬን የሚያቀርብልኝ? ማን ይጠላል!»

«እና... ቤቱስ?»

እማማ ማሊዋን እጁን መታ መታ አደረጉት። «ሱራቻይ ልጄ፣ በዚያ ቤት የተነሳ እኔና አንተ አንጣላም። ቡድሃ ይመስክርብኝ።»

ያዘጋጀው ንግግር፣ መሃሉ ላይ ሊያፈስ ያሰበው እንባ ሳይቀር፣ ሳይነካ ቀረ። ወደ ክፍሉ ሮጦ ለኦራዋን ደወለ።

«አለቀ! እሺ አለች!»

«ጓጉንቸሩስ?»

«ተይው ባክሽ! ራሷ ትከፍትልናለች። የሳሎኑን መጋረጃ ምረጪ።»

እሑድ ጠዋት ቆንጆ ቁርስ በሉ። ሱራቻይ ምግቡን ሁለት ጊዜ ደግሞ አነሳ። መሄጃቸው ሲደርስ የእናቱን ሻንጣ ሊያወርድላቸው ተነሳ።

«አንተ ሂሳብህን ዝጋ። እኔ እግሬን ላፍታታ» ብለው ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ አትክልቱ ወጡ።

እንግዳ ተቀባይዋ ሂሳቡን አቀረበችለት። ሱራቻይ አየውና ፈገግ አለ፤ ያሸነፈ ሰው ለጋስ ነው።

«እህት፣ የእናቴን ክፍል ረስታችሁታል። የአንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው።»

ልጅቷ መዳፎቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች። «አልረሳንም ጌታዬ፤ የሚለቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እማማ ማሊዋን ቤታቸውን ሸጠው ክረምቱ ሲገባ ወደ እኛ ከመጡ ወዲህ የክፍላቸውን የሚከፍሉት በየወሩ ነው።»