ቆሞ ካልሄደ

በሆዴ ተኝቼ ከፍሪጁ ሥር ገብቻለሁ። የላምባ ፍሪጅ ከሥሩ ትንሽ መስታወት አለችው፣ ጎንበስ ብለህ እሳቱን የምታይባት። ዛሬ እሳቱ ጠፍቷል። በመስታወቷ የሚታየኝ የአየለች ባዶ እግርና የተሰማ ጫማ ነው። ጫማው ቀስ እያለ ወደ እግሯ ይጠጋል።

«ኧረ ወደዚያ፣ ሰው አለ» ትላለች እየሳቀች።

«የታለ ሰው? ጭሴ ነው ሰው?»

ጭሴ ማለት እኔ ነኝ። እናቴ ዶላሞ ብላኛለች፣ ተሰማ ግን ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ ስም ሳያወጣልህ አያልፍም። የላምባውን ሳጥን ስስብ አውቄ አዘነብለዋለሁ። ጫማው ላይ ይፈሳል።

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሽ ተሰማ። ጭስ ዓይን የለውም።»

ይሄን ፍሪጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ያቆየሁት እኔ ነኝ። አየለች አውሮፕላን ሜዳው ዳር ለስላሳ ትሸጣለች። ጂንካ ውስጥ እንደሷ ለስላሳ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ የለም። እሳቱ ሰማያዊ ሲሆን ይቀዘቅዛል፣ ቢጫ ሲሆን ያጨሳል፤ ሰማያዊ ማድረጉን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቅበት። ላምባውን ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ አመጣለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ የእሳቱን ክር እቆርጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ክሩ በሳምንት አንዴ ቢቆረጥ ይበቃዋል። በየቀኑ ነው ያልኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሁድ ተሰማን አገባች። አሁን በእህል መኪናው ጭኖ አርባ ምንጭ ሊወስዳት ነው። ፍሪጁም አብሮ ይሄዳል፣ እዚያ ሱቅ ትከፍትበታለች። ከሱ ሌላ የኔ የምትለው ነገር የላትም።

በረዶውን ፈልፍላ ደጅ ትደፋዋለች። ዶሮዎቹ እህል መስሏቸው አንዴ ይለቅሙና ራሳቸውን ያራግፋሉ። የፍሪጁን ሆድ በሎሚ ውሃ ታሸዋለች። እኔ በሩ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ እሰካለሁ፣ ተዘግቶ ከከረመ ይሸታላ፤ ከዚያ በገመድ አስረዋለሁ።

«በል ጭሴ» ይላል ተሰማ። «ጆንያው ላይ አጋድመነው ሸራ ጣል እናርግበት።»

ይሄ ፍሪጅ አይተኛም። ሆዱ ውስጥ ባለው ቱቦ የሚዞር ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። የፍሪጅ ነገር ያስተማረኝ የሚሽኑ ዘበኛ ግን ነግሮኛል፦ ተኝቶ ወይጦ ወንዝን የተሻገረ ፍሪጅ ዳግም አይቀዘቅዝም።

በልቤ፦ ይተኛ። አርባ ምንጭ ደርሳ ታቀጣጥለዋለች፣ ለስላሳው እንደ ሽንት ይሞቃል። ማነው ያስተኛው? ተሰማ። ማነው የሚያውቅበት? ዶላሞ። ጥሩልኝ ትላለች። በመጀመሪያው መኪና ከች ነው።

አየለች ጨርቋን እንደያዘች ቀና ትላለች። «ዶላሞ፣ ቢተኛ ችግር የለውም?»

«ምን ችግር አለው? እኛስ እንተኛ የለ?»

ተሰማ ይስቃል። እሷ አትስቅም። ጠጋ ትልና በአገራችን ቋንቋ በአሪኛ ትጠይቀኛለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በናትህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቢተኛ ይሞታል?»

ተሰማ አሪኛ አይሰማም። እኔ አማርኛን የለመድኩት ካኮ ገበያ ላይ ነው፣ ከነውሸቱ። አሪኛ ግን ከናቴ ነው የወሰድኩት። አፌን እከፍታለሁ። ውሸቱ በአሪኛ አልመጣ ይለኛል።

«ይሞታል» እላታለሁ በአሪኛ። «ቆሞ ካልሄደ ይሞታል። ስትደርሱም አንድ ቀን ቆሞ ሳይውል እንዳትለኩሺው።»

«ምን አለሽ?» ይላል ተሰማ።

«ቆሞ ነው የሚሄደው።»

«ቅድም ይተኛል አላለም እንዴ?»

«ቅድም በአማርኛ ነበር።»

የተሰማ ረዳት ተጨምሮ ለአራት ተሸክመን እንጭነዋለን። በጆንያ መሃል አቁሜ በገመድ እጠፍረዋለሁ። ተሰማ በእጁ ይገፋዋል፣ ፍሪጁ ይወዛወዛል።

«ይሄማ ኮንሶም አይደርስ። ረዳቱ እላይ ሆኖ ይያዘው።»

«ረዳትህ ገና መኪናው ሳይነሳ እንቅልፍ ይወስደዋል» ትላለች አየለች። «እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንቺ? ሙሽራዬን ጆንያ ላይ ጭኜ ልገባ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ፍሪጅ ይዛ መጣች ይላል።» እግሯ ጎማው ላይ ወጥቷል።

ረዳቱ ሁለተኛ እስኪነገረው አይጠብቅም። ጋቢና ገብቶ፣ የሷ ቦታ ላይ ተመቻችቶ፣ ጫማውን እያወለቀ ነው። ሽታው እኔ እስካለሁበት ይመጣል። ተሰማ እሱን ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። እንደዛሬ ፊቱ አምሮኝ አያውቅም።

«መልካም መንገድ ጋሽ ተሰማ» እለዋለሁ። «እንዳይደብራችሁ እየተጫወታችሁ።»

መኪናው ይነሳል። እየሳቅኩ ከኋላው እሮጣለሁ፣ አቧራውን እየቃምኩ፣ እስከ ሜዳው ጥግ። እዚያ ቆሜ ቀና እላለሁ።

አየለች ወደኔ አታይም። ሁለት እጇን ዘርግታ ፍሪጁን አቅፋዋለች። ጉንጯን በሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ከሜዳው ወዲያ ያለው ቦይ ጋ ሲደርሱ መኪናው ወደ ጎን ያዘነብላል። ሁለቱ አብረው ያዘነብላሉ፣ አብረው ቀና ይላሉ።