ስም ጻፊው አሻንጉሊት

እጀ ወርቁ፣ ሥራ ላይ ካልሆነ በቀር፣ እጁን ከኪሱ ማውጣት ከተወ ሁለት ወር ሆኖታል።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት የፊልም ሰዎች ናቸው፤ ሲያንሰው ነው። በሽቦ አጥንት፣ በስፖንጅ ሥጋ፣ በቁራጭ ጨርቅ ልብስ ሰው የሚያህል ሰው ይሠራል፤ ቁመቱ ብቻ ስንዝር ነው። ከዚያ አሻንጉሊቱን በጣቱ ቅንጣት ታህል ያንቀሳቅሰውና «አንሺ» ይላል። ታናሽ እህቱ ከካሜራው ጋር በሽቦ የተያያዘውን ቁልፍ ትጫናለች። እንደገና ቅንጣት፣ እንደገና «አንሺ»። አሥራ ሁለት ጊዜ ሲሉ አንድ ሰከንድ ይወጣል። ሲኒማ ቤት ሰው ወንበሩን እየፈለገ፣ የተዋናዮቹ ስም ሲወጣ የሚያየው ያንን ነው። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ሁለቱም በካልሲ ነው የሚሄዱት፤ ቤቱ ውስጥ ኮቴ የሚባል አይሰማም።

የአሁኑ ሥራ መሰላል ላይ የወጣ ትንሽ ቀለም ቀቢ ነው። ብሩሹን እየነከረ ስሞቹን አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። እንግዲህ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይህን እንዴት ይሠራዋል? ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደምንም ይሞክራል።

ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ነገሩ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ሐኪሙ ረጋ ብሎ ነገረው። እጀ ወርቁ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለእህቱማ ጭራሽ። ሠላሳ ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ሥራ ላይ ምሕረት የላትም። ካወቀች በዚያው ቀን «በቃህ» እንደምትለው አልተጠራጠረም። ከዚያ በኋላ ምን ሊሆን ነው? ቤት ተጎልቶ ግድግዳ ሊያይ?

ብቻ እሷም ነገሩ ሳይሸታት አልቀረም።

መጀመሪያ የመርፌው ጉዳይ መጣ። የአሻንጉሊቶቹን ልብስ ስትሰፋ የኖረችው እሷ ሆና ሳለ፣ አንድ ቀን ክር አስገባልኝ አለችው። እንዲህ ብላው አታውቅም። ጓዳ ገብቶ፣ ክሩን በምራቁ እያሾለ፣ ላብ በላብ ሆኖ በስንት መከራ አስገባው። ስትቀበለው ጣቶቿ መዳፉ ላይ ቆዩ፤ ዳበሰችው። እየለካችኝ ነው አለ በሆዱ።

ቀጥሎ ሻይ ቅዳልኝ ማለት አመጣች። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ክንዷን እዚያው እርጥቡ ላይ አሳርፋ ወሬዋን ቀጠለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የሚብሰው ደግሞ ያነሱትን ምስል ሲያዩ ነው። ድሮ አሻንጉሊቱ ፀጉር ታህል ከዘነበለ «ድገም» ትል ነበር። አሁን አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ተጠግታ ትቆይና «ጥሩ ነው» ትላለች። ምኑ ነው ጥሩው? ብሩሹ ብርድ እንደመታው ሰው ሲንዘፈዘፍ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። ትታኛለች ማለት ነው፣ ለማይረባ ሰው ማን ይጮኻል አለ። ሲሠራም ፊቷን ከእጁ አታዞርም፤ እጁ ኮሽ ወዳለበት ሁሉ ትዞራለች። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ሲቀመጥ ይነሳል፣ ሲነሳ መቀመጥ ያምረዋል፤ ከጓዳ ሳሎን ሲንጎራደድ ይውላል።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሥራውን ሊያይ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ስልክ ስታወራ ሰማት። ከማን ጋር እንደሆነ አልለየም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚህ ሁኔታ መቀጠል እንደማይቻል፣ በቶሎ ሌላ ሰው መፈለግ እንደሚያስፈልግ፣ ወንድሟ ግን ገና ምንም እንዳላወቀ ትናገር ነበር።

ደሙ ፈላ። የገዛ እህቱ፣ አዝሎ ያሳደጋት፣ ከጀርባው ሰው ልታስገባበት! ትንሽ ቆይቶ ግን ንዴቱ በረደና ኀፍረት ያዘው። መጀመሪያ የደበቀው ማን ሆነና? ዳይሬክተሩ ፊት ከመዋረድ አስቀድሞ ለእሷ ማሳየት ይሻላል ብሎ ቆረጠ።

ጓዳ ገብቶ ቃላት ሲመርጥ ቆየ። አንዱም አልጣመውም። በመጨረሻ ሁሉንም ትቶ ወጣ።

ቀትር ነው። እህቱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፀሐይ ክፍሉን ሞልቶታል። ፊት ለፊቷ ቆመ። ሁለት እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ከዓይኗ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ዘረጋቸው። እንዳሻቸው ይሁኑ ብሎ ለቀቃቸው፤ እስከ ክርኑ ድረስ ተንቀጠቀጡ። እንባው መጣ። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፣ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጋሼ!» ስትል፣ እሱ ፊቷ ቆሞ ሳለ፣ ወደ ጓዳው ጮክ ብላ ተጣራች፤ «ና እስቲ፣ ሰውየው ሳይመጣ የምነግርህ ነገር አለ።»