የአባቱ ድርሻ

ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ደጇ ደረሱ። አሮጊቷ ቀድማ ወጥታ መግቢያውን በክንዷ ዘጋችው። ልጇን ወደ ጎንደር ሊያመጣ የነበረው አውሮፕላን ከአስመራ ትናንት ገና በሌሊት ሲነሣ ወድቆ መንደዱን፣ ከተሳፋሪዎቹም አንድ እንኳ አለመትረፉን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ ጎረቤት ማምሻውን ነግሯት፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነበር ያደረችው። የልጇ ሚስት ከውስጥ ተኝታለች፤ እርጥብ አራስ ናት።

«ለአራስ መርዶ ይዛችሁ መጣችሁ? ደንግጣ ደም ቢፈሳትስ፣ እሷንም ልትቀብሩልኝ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጋቢያችሁን አስተካክሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉና ገንፎዋን ቅመሱ።»

«እቴ፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የአሮጊቷ ሟች ባል ወንድም ቢያዝን።

«በማኪና መንገላታት ምን አመጣው፣ በአየር ይምጣ እያልህ ስትሟገተኝ እኔን ባየህበት ዓይንህ።»

ገቡ፤ መረቁም። ገንፎው ቀርቦ መብላት ሲጀምሩ አራሷ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ሣቀች።

«አያ ቢያዝን፣ ምነው ለአባቱም አስተርፉለት እንጂ። ትናንት ቢቀር ዛሬ አይቀርም።»

ቢያዝን እጁ ገበታው ላይ ቀረ። አሮጊቷ ከድስቱ የቀረውን ሁሉ ጠርጋ ፊቱ ቆለለችው።

«ለእሱ ሲገባ ትኩስ አገነፋለታለሁ። ይኸን ቢያዝን ይብላው፤ በአየር ና ያለው እሱ አይደል?»

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የመጨረሻዋን ጉርሻ እስኪውጣት ድረስ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም።