የትም የማይደርሰው መርከብ

አሲያ ወሬ ይዛ ማደር አይሆንላትም። ከሹፌር ባሏ የሰማችውን ቦኖው ጋ ውሃ ለሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዘረገፈችው። «አሰብ ላይ በመርከብ መንሸራሸር መጣላችሁ! ከዋጃም ከጎብዬም እየተመዘገቡ ነው አሉ። ሦስት ቀን ባሕር ላይ ሲበሉ ሲተኙ ከርመው፣ ተመልሰው እዚያው አሰብ ይወርዳሉ!»

«የትም ሳይደርሱ?»

«ወላሂ የትም!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጎረቤቷ ኡሙሃኒ ግን አልሳቀችም። ወደብ የሚሠራው ልጇ መርከቡ ላይ ቦታ ይዞላት፣ ነገ ጠዋት ልትሄድ ቀበሌው የሰጣትን የይለፍ ወረቀት መቀነቷ ውስጥ ቋጥራለች። እንስራ ያጎበጠው ወገቧ ቆሞ መጠበቁን እንኳ አልችል ብሏታል። ወረቀቱን ፈትታ አየችው፤ ማኅተሙ በላብ ደብዝዟል።

«ይቅርብኝ» አለች ቀስ ብላ። «በስተርጅና መሳቂያ ከምሆን ለቀበሌው እመልሰዋለሁ።»

ጓደኛዋ ብርኽቲ ወረቀቱን ነጥቃ መቀነቷ ውስጥ መልሳ ሸጎጠችላትና ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እኛስ ብንሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ውሃ፣ ከውሃ ቤት ስንመላለስ የት ደርሰን ነው? እሷን እንኳ ሦስት ቀን ውሃው ይሸከማት!»