ያልተጻፉ ስድስት ስሞች

ጥቅምት 8 ቀን 1919 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከታቢዋ ወይዘሮ ከበቡሽ ሆሳዕና ወዳለው የአገረ ገዥው ግቢ ተጠርታ ገባች። ለሽልማት ነው ተባለች። ስምንት ቀን ሙሉ ከግቢው አልወጣችም።

ሽልማት የሚለውን አላመነችም። ዐምና አንድ ባላባት ካባ ትለብሳለህ ተብሎ በዚያው በር ገብቶ እግር ብረት ነው የጠበቀው። በዚያ ላይ እርሷ የከተበችው የጃጁራው ሹም ልጅ መስከረም ላይ ሞቷል።

አባቷ መሪጌታ ስለነበሩ መጻፍ ታውቃለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የከተበችውን ሁሉ በብራና መዝግባለች፤ ከማን ቁስል እንደወሰደች፣ ማን እንደዳነ፣ ማን እንደሞተ። ከአራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው የሞተባት ሦስት ነው። ሌሎች ከታቢዎች እርጥብ መግል ሲጠቀሙ እርሷ ዐሥር ቀን የደረቀ የቁስል ቅርፊት ትጠቀማለች። ይህን እየሞከረች ያገኘችው ራሷ ናት። በጃጁራ፣ በሀቢቾና በዱራሜ ላሉ ስድስት ሴቶችም አስተምራለች።

ብራናውን በገባችበት ቀን ወሰዱባት።

የግቢው ጸሐፊ ቸኮል በየጧቱ እየመጣ ይጠይቃት ነበር። ሁለት ቀን ስለ ቅርፊቱ ጠየቃት፤ ሳትደብቅ መለሰችለት። በሦስተኛው ቀን ጥያቄው ተለወጠ።

«ማንን አስተማሩ?» አላት። «ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው ይንገሩኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«እኔ ጻፍ ነው የተባልኩት፤ እወቅ አልተባልኩም።»

ማንንም አላስተማርኩም አለችው። በማግስቱም ጠየቃት፤ መልሷ ያው ሆነ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አንድ የነበረው ሁለት ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ከስድስቱ ሴቶች አንዷ፣ የጃጁራዋ እህተማርያም፣ ስንቅ ይዛ መጣች። ከዘበኞቹ አንዱ አገልግሉን ከፍቶ አየና፣ መድኃኒት ካለበት ንገሪኝ፣ ከሌለበት አጉርሺኝ አላት። ሁለት ጊዜ አጉርሳው ገባች።

ስለሚከትቡ ሴቶች የሚያጠያይቁ ሁለት ሰዎች ገበያ ላይ መኖራቸውን በሹክሹክታ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ልሽሽ?»

«የሸሸ ይጠረጠራል። ከጠየቁሽ ገረዷ ነኝ በይ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ገብቼበታለሁ። እናንተ ግን አትገቡም።»

በሰባተኛው ቀን ቸኮል ቄስ አስከትሎ መጣ። ቃሏን በመሐላ እንድታጸና ተጠየቀች። ከበቡሽ በሐሰት ምላ አታውቅም። መስቀሉን ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሳመችው።

«ይህን ሙያ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም» አለች።

ቸኮል ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ እንደነከረ ቆየ። «ያስቡበት። ከተጻፈ አይፋቅም።»

«ይጻፉት።»

ጻፈው። ከበቡሽ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

በስምንተኛው ቀን ወደ አደባባይ ወሰዷት። ዓይኗ ሰንሰለት የያዘ ሰው ፈለገ። በሰንሰለት ፋንታ ትከሻዋ ላይ ካባ አረፈባት። ቸኮል ብራናዋን ገልጦ የዳኑትን ቁጥር ለሕዝቡ አነበበ፤ የሹሙን ልጅ ሞት ማንም አላነሳባትም። ሴቶች እልል አሉ። ለደቀ መዛሙርቷ ተብሎ ከአዲስ አበባ የመጣው ጥበብ ቀሚስ ግን ተቀባይ ስላልነበረው ወደ ዕቃ ቤት ተመለሰ።

ወዲያው ነጋሪት ተመታ። ወይዘሮ ከበቡሽ ሙያውን የምታውቅ እርሷ ብቻ መሆኗን በመስቀል ምላ ስላረጋገጠች፣ ከእርሷ በቀር ሲከትብ የተገኘ አታላይ ነውና ይታሰር ተብሎ ታወጀ።

ሰኔ ላይ ጃጁራ ፈንጣጣ ገባ፤ እህተማርያም አርባ ሰባት ሰው ከከተበች በኋላ ተይዛ እግር ብረት ገባች፣ ለማስረጃም የከበቡሽ መሐላ ተነበበባት።